ከአደጋ በኋላ ካሳ ለመጠየቅ ማንን ይያዙ? ራስን ችሎ መሄድ፣ ጠበቃ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍና ሽምግልና ሲነጻጸሩ

በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ወይም ቤተሰቡ ከሐኪም ቤት ግርግር ትንሽ ፋታ ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ጠበቃ እንያዝ ወይስ ራሳችን እንጨርሰው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ክርክሩ ምን ላይ ነው የሚለው ነው። ከፋዩ ወገን ኃላፊነቱን አምኖ በመጠኑ ላይ ብቻ የሚከራከር ከሆነ የሚያስፈልገው ረዳት አንድ ዓይነት ነው፤ ኃላፊነቱን ከነጭራሹ ከካደ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከፋዩ ገጭቶ በማምለጡ ያልታወቀ ወይም መድን ያልገባ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የሚሄድበት በር ራሱ ይለያል። ብዙ ሰው ገንዘብና ጊዜ የሚያባክነው ክፉ ጠበቃ ስለገጠመው ሳይሆን ለጉዳዩ የማይስማማውን በር በማንኳኳቱ ነው ብዬ አምናለሁ። አማራጮቹን የማነጻጽረውም በዚሁ ዓይን ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ማንን መያዝ እንደሚበጅ ለመወሰን ካሳው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ግድ ይላል። በኢትዮጵያ የትራፊክ አደጋ ተጎጂ በአብዛኛው ሁለት የካሳ ምንጮች አሉት። አንደኛው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን ነው። ይህ መድን አስገዳጅ ስለሆነ ማንኛውም ተሽከርካሪ ያለ እርሱ መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም። ነገር ግን ጣሪያ አለው። አዋጁ ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር። ጣሪያው ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ ተጎጂው ከሰው የሰማውን ቁጥር ይዞ ከመከራከር ይልቅ አደጋው በደረሰበት ቀን በሥራ ላይ የነበረው መጠን ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነገረው መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ምንጭ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የሕጉ ቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ምንም ጥፋት ባይገኝበት እንኳ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ባለቤቱ ነጻ የሚወጣው ለምሳሌ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው፤ ጉዳቱ የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት ከሆነም ኃላፊነቱ ሊቀር ወይም ሊቀነስ ይችላል። ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ደግሞ ቁጥር 2084 ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ የአንደኛው ወገን ጥፋት እስካልተረጋገጠ ድረስ ግምቱ ጸንቶ ይቆያል። የካሳው መጠን በቁጥር 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳትም እስኪደርስ ሳይጠበቅ በቁጥር 2092 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል፤ ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለውን ደግሞ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ፍትሐዊ ሆኖ ባገኘው መጠን፣ ይወስነዋል።

የሁለቱ ምንጮች ግንኙነት እንዲህ ነው፤ መድን ሰጪው እስከ ጣሪያው ይከፍላል፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ጉዳት ተጎጂው ከተሽከርካሪው ባለቤት ይጠይቃል። ይህን ባለማወቅ ከኢንሹራንስ የተቀበሉትን ገንዘብ የመጨረሻ አድርገው ቤታቸው የገቡ ብዙዎች ናቸው። በተቃራኒው ደግሞ ለሕሊና ጉዳት ብዙ መቶ ሺህ ብር እንደሚፈረድላቸው ጠብቀው ክስ የሚመሠርቱ አሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 ግን የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ልጅ ለሞተበት ወላጅ ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያሳምም አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጠበቃ «ለሐዘናችሁ ብቻ ይህን ያህል አስፈርዳለሁ» ሲል በዚህ ቁጥር መመዘን ይገባዋል። ለሟች ቤተሰብ ከፍ ያለው ጥያቄ በቁጥር 2095 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በሟቹ ሞት ምክንያት ስለተቋረጠባቸው መተዳደሪያ የሚያቀርቡት ነው።

ጊዜውም አጭር ነው። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሚቀርበው ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመነጨ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ ተመክቶ መዘግየት አደገኛ ነው። መድን ገቢው በመድን ሰጪው ላይ ለሚያቀርበው የውል ጥያቄም የንግድ ሕጉ የሁለት ዓመት ይርጋ አስቀምጧል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የመድንን ክፍል ስላልሻረው እዚህ ላይ አሁንም የሚሠራው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። ከኩባንያው ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ብቻውን ይርጋውን እንደማያቆመው አስቦ መንቀሳቀስ ይሻላል።

ብቻን መሄድ፦ መቼ ይበቃል?

ኃላፊነቱ ያልተካደ፣ ጉዳቱ ቀላልና ሕክምናው ያለቀ፣ የሚጠየቀውም ገንዘብ ከመድኑ ጣሪያ በታች ከሆነ ጠበቃ ሳይይዙ በቀጥታ ወደ መድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል መሄድ ይበቃል ባይ ነኝ። የሚያስፈልጉት ሰነዶች የታወቁ ናቸው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የአደጋው ፕላን፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የወጪ ደረሰኞች፣ መታወቂያ፣ ሞት ከሆነ ደግሞ የሞት የምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማረጋገጫ። ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከፋርማሲና ከምርመራ ክፍል ማሽን የሚወጡት ስስ ወረቀቶች በጥቂት ወራት ውስጥ ቀለማቸው ይጠፋል፤ ዛሬውኑ ፎቶ ኮፒ ተደርገው ከዋናው ጋር ካልተያያዙ ክርክሩ ሲጀመር ባዶ ወረቀት ይዞ መቆም ይመጣል።

በዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ ያለው በመጨረሻው ወረቀት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከዓመታት በፊት ሚኒባስ ገጭቶት የጭኑ አጥንት ሲሰበር ጉዳዩን ይዤ የሄድኩት እኔ ነበርኩ። የአንድ መድን ድርጅት የካሳ ክፍል ብዙም ሳያመላልሰን የሚከፈለውን መጠን አሳወቀን፤ ቼኩን ለመቀበል የሚፈረም አንድ ገጽ ወረቀትም አቀረበልን። ከገንዘቡ መጠን በታች «በዚህ አደጋ ምክንያት ከእንግዲህ በመድን ሰጪውም ሆነ በመድን ገቢው ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላቀርብም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት። የወንድሜ እግር ውስጥ የገባው ብረት ገና አልወጣም፤ ሐኪሙም ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ጽፎ ሰጥቶናል። «ሆነ በመድን ገቢው» የሚሉት ቃላት የሚኒባሱን ባለቤት ከጥያቄ ነጻ የሚያወጡ ስለነበሩ እንዲሰረዙ ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ ኃላፊዋን ጠራች፤ ኃላፊውም አንብቦ ቃላቱን በእስክሪብቶ ሰረዘና በጎኑ ፈረመ፤ ወንድሜም ከእርሱ ቀጥሎ ፈረመ። ያንን ቀን ሳናነብ ፈርመን ቢሆን ኖሮ በዓመቱ ብረቱ ሲወጣ ያወጣነውን ገንዘብ ከማንም መጠየቅ ባልቻልን ነበር።

ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይህን አንድ ነገር ይያዝ፤ ሕክምናው አልቆ የሕክምና ቦርድ ቋሚ የአካል ጉዳት መጠኑን በመቶኛ እስኪወስን ድረስ የመጨረሻ የመልቀቂያ ሰነድ አይፈርም። አሳማኝ ደረሰኝ ያለውን የእስካሁኑን ወጪ ከፍሎ ቀሪውን ለኋላ ማቆየት የሚችል ኩባንያ አለ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኩባንያው መልስ ሳይሰጥ ካጓተተ በመጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ማመልከት፣ ከዚያም የመድን ሥራን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል። ይህ ገንዘብ የማያስወጣና ዝም ያለን ኩባንያ የሚያነቃ መንገድ ነው። ይሁንና ባንኩ ተቆጣጣሪ እንጂ የካሳ ዳኛ አይደለም፤ ማን ጥፋተኛ ነው፣ ጉዳቱ ስንት ያወጣል በሚለው ላይ ክርክር ካለ ጉዳዩን የሚጨርሰው ፍርድ ቤት ነው።

ገጪው ካልታወቀስ?

ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ የጎዳው ሰው ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎትን ማንኳኳት አለበት። ፈንዱ የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነት ተጎጂዎች ካሳ ለመክፈል ነው። እዚህ ላይ ከጠበቃ ይልቅ የሚፈለገው ፖሊስ ነው፤ አደጋው በዚያ ቀን በዚያ ቦታ በተሽከርካሪ መድረሱን የሚያረጋግጥ የፖሊስ ማስረጃ ከሌለ ማመልከቻው መሠረት አይኖረውም። በሰፈር ሰዎች ወደ ሐኪም ቤት የተወሰደ ተጎጂ ብዙ ጊዜ ፖሊስ ዘንድ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ቤተሰቡ ተጎጂው አልጋ ላይ ሳለ ሄዶ ሊያስመዘግብለት ይገባል። የሰሌዳ ቁጥሩን ያየ ሰው ካለ ስሙንና ስልኩን በዚያው ዕለት መያዝም ለኋላው ትልቅ ነገር ነው።

ሽምግልና

በአገራችን በሞት ወይም በከባድ ጉዳት በሚያበቃ አደጋ የአሽከርካሪው ወገን ሽማግሌ መላኩ የተለመደ ነው። የሽምግልናን ክብር አልነካም፤ ሁለት ቤተሰቦች ቂም ሳይይዙ እንዲኖሩ የሚያደርግ ሌላ ነገር የለንም። ከፍርድ ቤት ይልቅ ፈጣን ነው፤ የቀብርና የሕክምና ወጪንም በሳምንታት ውስጥ ሊያስገኝ ይችላል። ግን እርቁና ካሳው ተለይተው መታየት አለባቸው። ብዙውን ጊዜ አሽከርካሪው እርቁን የሚፈልገው በወንጀል ክሱ ቅጣቱ እንዲቀልለት ነው፤ ይህም መብቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው በእርቁ ወረቀት ላይ «ካሳችንን ሙሉ በሙሉ ተቀብለናል» የሚል ቃል ሲገባ ነው፤ ያ ወረቀት በኋላ በባለቤቱና በመድን ሰጪው ጠበቃ እጅ ማስረጃ ሆኖ ይመጣል። አሽከርካሪውና የመኪናው ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውንም ማስታወስ ያሻል። ሽማግሌዎች ፊት የሚጻፈው ወረቀት የተቀበሉትን መጠን፣ ለምን እንደተሰጠ፣ እንዲሁም በተሽከርካሪው ባለቤትና በመድን ሰጪው ላይ ያለው መብት ያልተነካ መሆኑን በግልጽ ይናገር። ይህን ሦስት መስመር ለማጻፍ አንድ ቀን ጠበቃ ማማከር ከምክሩ ዋጋ በላይ ያተርፋል።

ማመልከቻ ጸሐፊና ጉዳይ አስፈጻሚ

ከፍርድ ቤት አጥር ሥር የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ዋጋቸው ቀላል ነው፤ አንዳንዶቹም የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው። ለቀላል አቤቱታ፣ ለቀጠሮ መለወጫ ወይም ለግልባጭ መጠየቂያ ይበቃሉ። ለካሳ ክስ ግን አልመክራቸውም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ማስረጃውን ዘርዝሮ ከክሱ ጋር እንዲያቀርብ ያዛል፤ ሳይዘረዘር የቀረ ማስረጃ በኋላ በቀላሉ አይገባም። ጸሐፊው ክሱን ጽፎ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ችሎት ፊት ለተቃውሞ መልስ የሚሰጠው ተጎጂው ብቻውን ነው።

በሐኪም ቤት ኮሪደርና በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቀርቦ «እኔ በውስጥ ሰው አስጨርስልሃለሁ» የሚለውን ጉዳይ አስፈጻሚ ግን በምንም ሁኔታ መጠቀም አይገባም። የጥብቅና ፈቃድ የለውም፤ ቢያጠፋ የሚጠየቅበት ማህበርም ሆነ የዲሲፕሊን አካል የለም፤ ውክልና ከሰጡትም ካሳውን ተቀብሎ ሊጠፋ ይችላል።

ጠበቃና የጥብቅና ድርጅት

ኃላፊነቱ ሲካድ፣ ቋሚ የአካል ጉዳት ሲኖር፣ ሰው ሲሞት፣ ተጎጂው ሕፃን ሲሆን ወይም ጉዳቱ ከመድን ጣሪያ በላይ ሲያልፍ ጠበቃ መያዝ ያስፈልጋል። የተጎዳው ተሳፋሪ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቱም ተሳፋሪው ከአጓጓዡ ጋር ውል ስላለው ጥያቄው ከእግረኛው በተለየ የሕግ ክፍል ሊታይ ይችላል፤ በነጻ የተሳፈረ ሰው ጉዳይም የራሱ ክርክር አለው። አሽከርካሪው በወንጀል ነጻ ከወጣም ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ይቆርጣል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2149 ግን የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ፍርድ ቤት በወንጀል ችሎቱ የነጻነት ውሳኔ እንደማይታሰር ይናገራል።

በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ምክንያት አሁን ከግል ጠበቃ በተጨማሪ የጥብቅና ድርጅቶች አሉ። ለአንድ ተጎጂ የካሳ ክስ ልምድ ያለው የግል ጠበቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ጉዳዩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያውቀው አንድ ሰው መሆኑም ጥቅም አለው። ድርጅቱ የሚመረጠው ንብረቱ የወደመበት ነጋዴ ወይም ፋብሪካ ከመድን ሰጪው ጋር በከፍተኛ ገንዘብ ሲከራከር፣ ሰነዱ ሲበዛ፣ አንዱ ጠበቃ ቢታመም የሚተካ ሰው ሲያስፈልግ ነው። በሁለቱም ዘንድ ፈቃዱን ማየት ይገባል። የፌዴራልና የክልል ፈቃድ የተለያዩ ናቸው፤ አደጋው በክልል ደርሶ ክሱ በዚያ የሚቀርብ ከሆነ ጠበቃው በዚያ ክልል ፍርድ ቤት መቆም መቻሉን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክፍያን በተመለከተ በአገራችን ሁለት ልማድ አለ፤ ቁርጥ ዋጋ እና ከሚገኘው ገንዘብ በመቶኛ። እጁ ላይ ገንዘብ የሌለው ተጎጂ መቶኛውን መምረጡ ይገባኛል። ግን መቶኛው ከምን ላይ ነው የሚታሰበው? ኩባንያው ያለ ክርክር 40,000 ብር ለመክፈል ፈቃደኛ ሆኖ ሳለ ጠበቃው ከዚያም ላይ መቶኛ ከወሰደ ተጎጂው ያለ ምንም ሥራ ከፍሏል ማለት ነው። ስምምነቱ መቶኛው ያለ ክርክር ከቀረበው በላይ በሚገኘው ላይ ብቻ እንደሚታሰብ፣ ደግሞም ከተፈረደው ሳይሆን በእጅ ከገባው ገንዘብ ላይ እንደሆነ በጽሑፍ ይናገር። ይግባኝና የፍርድ አፈጻጸም በዋጋው ውስጥ መካተታቸውም ይጻፍ፤ ፍርድ አግኝቶ በአፈጻጸም የሚንከራተት ሰው ብዙ ነውና።

ውክልናው ከክፍያ ስምምነቱ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰነዶች ማረጋገጫ ተዘጋጅቶ በሚፈረመው የውክልና ቅጽ ላይ «ገንዘብ እንዲቀበል» እና «እንዲታረቅ» የሚሉት ሥልጣኖች ተለይተው ይታዩ። በሕጉ ዘንድ ወኪል ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ይህን ሥልጣን ካልሰጡት ጠበቃው ያለ ፈቃድዎ በዝቅተኛ መጠን ሊስማማ አይችልም። ገንዘብ የመቀበሉን ሥልጣን ለራስዎ ቢያስቀሩት ታማኝ ጠበቃ አይቀየምም።

አቅም ለሌለው

ጠበቃ የመያዝ አቅም የሌለው ተጎጂ በሩ ተዘግቶበታል ማለት አይደለም። የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማህበርም ሴቶችን ያግዛል፤ ጠበቆችም ያለ ክፍያ የማገልገል የሕግ ግዴታ አለባቸው። ነጻ ድጋፉ ለምክር፣ ለክስ ጽሑፍና ቀለል ላሉ ጉዳዮች ጥሩ ነው። ድክመቱ ጊዜ ነው፤ ብዙ ባለጉዳይ ስለሚጠብቅ ይርጋው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው ሰው እዚያ ተራ ከመያዝ ይልቅ ክሱን ቶሎ ማስገባት ይኖርበታል።

የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ መጠን ስለሚሰላ የካሳ ክስ ከባድ ወጪ አለው፤ ጥያቄን ያለ ማስረጃ ማጋነን የሚጎዳውም በዚህ ነው። መክፈል የማይችል ሰው ግን አቅም እንደሌለው አረጋግጦ በደሃ ደንብ፣ ማለትም የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል፣ ለመክሰስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ ይችላል። ብዙ ማመልከቻ ጸሐፊ ይህን አይነግርም።

ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ነገሩ ሁሉ ይቀየራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በሥራ ክርክር ችሎት ሲከስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። ከሥራ ውጭ ሆኖ በሚቆይባቸው ወራት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ ቀሪዎቹን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል፤ ሙሉ በሙሉ ለዘለቄታው መሥራት ካቃተው ደግሞ የአምስት ዓመት ደመወዙ ይታሰብለታል። የጭነት መኪና ረዳት፣ የግንባታ ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሁሉ ከመድን ኩባንያው በፊት ወደ ሠራተኛ ማህበሩ ወይም ወደ ሥራ ክርክር ጠበቃ ቢሄድ ይሻለዋል።

ፍርድ ቤት፣ አስማሚና ግልግል

ክሱ ሲቀርብ ባለቤቱ መድን ሰጪውን በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 43 መሠረት ወደ ክርክሩ እንዲገባለት ይጠይቃል፤ ብልህ ጠበቃ ግን ይህን ሳይጠብቅ ሁለቱንም አንድ ላይ ይከሳል፤ ቀጠሮ ይቆጥባልና። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት እስከ 10,000,000 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር ስለሚታይ አብዛኛው የግለሰብ የካሳ ጥያቄ ከዚያ ይጀምራል። ይኸው አዋጅ በፍርድ ቤት የሚካሄድ አስማሚነትንም አምጥቷል። ኃላፊነቱ ሳይካድ በመጠኑ ላይ ብቻ ለሚደረግ ክርክር ይህ መንገድ ከሁሉ የተሻለ መስሎ ይታየኛል፤ ስምምነቱ በፍርድ ቤት ስለሚጸድቅ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ዓመታትም አይፈጅም። የዋጋ ንረት ባለበት አገር ከሦስት ዓመት በኋላ የሚከፈል ገንዘብ፣ 9 በመቶው ሕጋዊ ወለድ ቢታሰብበት እንኳ፣ የዛሬውን ያህል ሕክምና አይገዛም።

የግልግል ዳኝነት በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 የሚመራ ሲሆን የአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማህበራት ምክር ቤትም የግልግል ተቋም አለው። ለገላጋዮቹ የሚከፈለውን ተከራካሪዎቹ ስለሚሸፍኑ ለተራ ተጎጂ አይመችም። ለመድን ገቢ ግን አንዳንድ ጊዜ ምርጫ አይደለም፤ የመድን ውሉ ክርክር በግልግል ይታይ የሚል አንቀጽ ካለው ፍርድ ቤት ክሱን ሊመልሰው ስለሚችል ጠበቃ ከመያዝ በፊት ውሉ እስከ መጨረሻው ገጽ መነበብ አለበት።

ክርክሩ ከራስዎ መድን ሰጪ ጋር ሲሆን

የራሱን መኪና ወይም ሱቅ መድን አስገብቶ ካሳ የተከለከለ ሰው የሚያስፈልገው ረዳት ከተጎጂው ይለያል። እዚህ ክርክሩ በውል ላይ ነው። መድን ሰጪዎች ለመከልከል ብዙ ጊዜ የሚያነሱት አሽከርካሪው ለዚያ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚሆን መንጃ ፈቃድ አልነበረውም፣ አደጋው በጊዜው አልተነገረንም፣ አረቦኑ (የመድኑ ክፍያ) አልተከፈለም፣ ወይም ውሉ ሲፈረም እውነቱ ተሰውሯል የሚሉትን ነው። የመጨረሻው ላይ የንግድ ሕጉ ሆን ብሎ የደበቀውንና ባለማወቅ የተሳሳተውን ለይቶ ያያል፤ ጠበቃ ዋጋ የሚያወጣው እንዲህ ባለው ልዩነት ላይ ነው።

በቅርብ ዓመታት ከሁሉ በላይ ሰዎችን የሚያስደነግጠው ግን ከዋጋ በታች መድን መግባት ነው። መኪናውን ከአምስት ዓመት በፊት በገዛበት 800,000 ብር መድን እያደሰ የቆየ ሰው የገበያ ዋጋው 2,000,000 ብር ደርሶ ሳለ ግጭት ቢገጥመውና ጥገናው 300,000 ብር ቢፈጅ መድን ሰጪው መድኑ የዋጋውን 40 በመቶ ብቻ ነው በማለት ሙሉውን ሳይሆን በተመጣጣኙ 120,000 ብር ያህል ብቻ እከፍላለሁ ሊል ይችላል፤ ከዚያም ላይ ውሉ ያስቀመጠው ተቀናሽ (መድን ገቢው ራሱ የሚችለው ድርሻ) ይነሳል። እንዲህ ባለው ክርክር ከጠበቃ በፊት የሚያስፈልገው ገለልተኛ የተሽከርካሪ ገማች ነው፤ የመኪናው ዋጋ በአደጋው ዕለት በእርግጥ 2,000,000 ነበር ወይስ 1,500,000 የሚለው ብቻ ክፍያውን ከ120,000 ወደ 160,000 ብር ያሳድገዋል። የገማቹ ጽሑፍ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው በድርድር የሚያሻሽልበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ካላሻሻለም ጠበቃው በማስረጃ ይጀምራል። ጋራዥ መኪናውን ፈትቶ ከመጠገኑ በፊት ጉዳቱን በፎቶና በገማች ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ከተጠገነ በኋላ የሚለካ ነገር አይኖርም።

ውጭ አገር ላሉ ቤተሰቦች

ወላጅ ወይም ወንድም በአደጋ የሞተባቸው በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ጉዳዩን ከዚያ ሆነው ሊያስኬዱ ይችላሉ። ውክልናው በሚኖሩበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ በአገር ቤት ሲረጋገጥ ይሠራል። ለዘመድ የሚሰጥ ውክልና ከሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ በችሎት ተወክሎ መቆምን የሚፈቅደው እንደ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅና ወንድም ላሉ የቅርብ ዘመዶች መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ የአጎት ልጅ ወይም የልብ ጓደኛ ሰነድ ሊያሰባስብና ጠበቃ ሊያቆም ይችል ይሆናል፣ ችሎት ላይ ግን ሊመለስ ይችላል። የውክልናው ጉዞ ሳምንታት ስለሚወስድ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብም ቢሆን ከአርባው በፊት ቢጀምረው፣ የሁለት ዓመቱን ይርጋ የሚቆጥር አንድ ሰውም ከመካከሉ ቢመድብ ይሻላል።